ቁጥሩ ሁለት ገጽ፣ ልጅቷ አንድ መስመር

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለነበር ፍሬ ነገሩን ይዤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ተከላ ላይ ነው የማገለግለው። የሠለጠንነው በፍጥነት በሚባዛው መንገድ ነው። የሰላም ሰው፣ ማለትም ቤቱን የሚከፍትልን ሰው፣ እንፈልጋለን። ቤቱ ኅብረት እንጀምራለን። በአምስት ወይ በስድስት ሳምንት መሪነቱን ለእሱ አስረክበን ወደ ሌላ መንደር እናልፋለን። እሱ ደግሞ በተራው ሌላ ይጀምራል። የእኔ ኮታ በዓመት 24 ኅብረት ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት 11 ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አሁን የሚሰበሰቡት ስንት እንደሆኑ በትክክል አላውቅም፤ ምናልባት አራት። አስተባባሪዬ "እምነት ይኑርህ፣ ቁጥሩን አታሳንስ" ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ዘዴው ውጭ አገር ብዙ ትችት እንደሚቀርብበት ነገረኝና ግራ ገባኝ። ሐይቁ ዳር አንዲት መንደር ያለው መሪያችን ጥሩ ሰው ነው። ግን አንድ መሪጌታ በሰው ፊት ጠይቆት መልስ አጥቶ አፈረ። እኔ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ወር አልሄድኩም። ባለፈው ወር ትንሿ ልጁ ክርስትና ሳትነሳ ሞታበት መቃብር ተቸግረው ነበር አሉ። ዘዴው ስህተት ነው? ልተወው? ወይስ የእኔ እምነት ነው ያነሰው?»
ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዋናው ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ቁጥር ነው። ስንት ቤት፣ ስንት ሰው፣ ስንተኛ ትውልድ፣ በየትኛው ሩብ ዓመት። ልጅቷ ያለችው ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። አንድ መስመር ናት። ስሟ የለም። ዕድሜዋ የለም። «ተቸግረው ነበር አሉ» ብለህ አልፈሃታል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ «አሉ» ናት። አልነበርክም ማለት ነው። ሰው ነው የነገረህ።

ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ሲሞላ የኖረ ሰው ደብዳቤም ሲጽፍ ቅጽ ይሞላል። እኔም ሞልቻለሁ፤ እሱን ኋላ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ጓደኛህ ስላነሳው ነገር።

እውነቱን ነው፣ ትችቱ አለ። የሚተቹትም የወንጌል ጠላቶች አይደሉም። ብዙዎቹ ራሳቸው ቋንቋ ተምረው፣ ገጠር ገብተው፣ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሚስዮናውያን ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ለማየት ትንሽ ወደኋላ ልመልስህ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

በ1990ዎቹ ዴቪድ ዋትሰን የሚባል አሜሪካዊ በሰሜን ሕንድ፣ በቦጅፑሪ ተናጋሪዎች መካከል ይሠራ ነበር። አሠልጣኞቻችሁ ዲኤምኤም የሚሉት፣ ደቀ መዛሙርት የማፍራት ንቅናቄ፣ ከእሱ ስም ጋር ነው የሚያያዘው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ የደቡብ ባፕቲስቶች ሚስዮን ባልደረባ የሆነው ዴቪድ ጋሪሰን በየአገሩ የታየውን በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሰባሰበና ስም ሰጠው። አጥቢያ አጥቢያን የሚወልድበት፣ በፍጥነት የሚባዛ ንቅናቄ አለው። በ2000 አካባቢ ደግሞ ዪንግ ካይ የተባለ ሰው ከባለቤቱ ጋር ቻይና ውስጥ «ቲ ፎር ቲ» የሚባለውን ጀመረ። አሠልጣኝ ሆኖ የሚወጣን ሰው ማሠልጠን ማለት ነው። ስማቸው ይለያያል እንጂ አጥንታቸው አንድ ነው። የሰላም ሰው፣ ቤት፣ ጥቂት ጥያቄዎች፣ ቶሎ ማስረከብ፣ ቶሎ መቀጠል። አራተኛ ትውልድ ላይ የደረሰ ሰንሰለት ታየ ማለት ንቅናቄው ተነሳ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው አልተነሱም። ይህን ሳልልህ ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል። ከእነሱ በፊት የነበረው መንገድም ኃጢአት ነበረበት። ሚስዮኑ ግቢ ያጥራል፣ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ ሠላሳ ዓመት ቁልፉን ይዞ ይቀመጣል። የአገሬው ሰው ዕድሜ ልኩን ተማሪ ነው። ቻይና ውስጥ ያገለገለው እንግሊዛዊው ቄስ ሮላንድ አለን በ1912 ይህን አምርሮ ተችቷል። ጳውሎስ ሽማግሌ ሾሞ ሄዷል፣ እናንተ ለምን ሰዉን አታምኑትም? ነበር ጥያቄው። ዛሬ የፍጥነት ሰዎች እሱን መጥቀስ ይወዳሉ። መብታቸው ነው።

የእኛን አገርም ይጠቅሳሉ። ወላይታን። የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን በጣልያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት ምእመናን መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። ፈረንጅ በሌለበት፣ ገንዘብ በሌለበት፣ መሪዎቹ እየታሰሩና እየተገረፉ የሆነ ነው። «ይኸው! ውጡላቸው፣ ይባዛሉ» ይላሉ።

እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ። እነዚያ ሚስዮናውያን አምስት ሳምንት ተቀምጠው አይደለም የወጡት። ከ1928 ጀምረው ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቋንቋውን ሲማሩ፣ ሲያክሙ፣ ሲያስተምሩ ነበር። ኮሪያም እንዲሁ ናት። ቻይና ያገለገለው አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ኔቪየስ በ1890 ሴኡል ሄዶ ያስተማረውን ዘዴ ሁሉም ያወሳዋል። ራስን መቻል፣ ራስን ማስተዳደር። ያው ዘዴ ግን ምእመኑን ሁሉ፣ ገበሬውንም ሳይቀር፣ ለቀናትና ለሳምንታት አስቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምር ትምህርት ነበረበት። ሥልጠና ላይ ይህቺኛዋ ስላይድ ትዘለላለች።

ስለዚህ ፍጥነት በራሱ ኃጢአት ነው አልልህም። እግዚአብሔር ሲፈልግ ያፈጥናል። የእኔ ጭንቀት ፍጥነቱን ኮታ ስናደርገው ነው። ፍጥነት ብቻውን የጤና ምልክት እንዳልሆነ ለጣና ሰው መንገር አያስፈልግም። እምቦጭም ይባዛል።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ። «የሰላም ሰው» የሚለውን ከሉቃስ 10 ቁጥር 6 ነው የምትወስዱት አይደል? ቁጥር 7ን አንብበኸዋል? በዚያ ቤት «እየበላችሁና እየጠጣችሁ ተቀመጡ» ይልና መጨረሻው ላይ «ከቤት ወደ ቤት አትተላለፉ» ይላል። ያው ምዕራፍ፣ ያው አንቀጽ። እኔ ራሴ ይህን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጳውሎስስ? ቆሮንቶስ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ። ኤፌሶን ሦስት ዓመት፣ ሌሊትና ቀን በእንባ። ተሰሎንቄ ላይ ነው የቸኮለው፤ እሱም ወዶ አይደለም፣ አባረሩት። ሦስት ሰንበት ተከራከረ ይላል የሐዋርያት ሥራ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ 1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 3ን አንብብ። መታገሥ አቃተው። ምን ሆነው ይሆን ብሎ ተጨነቀ። እሱ መሄድ ባይችል ጢሞቴዎስን ላከ፣ ራሱ ብቻውን አቴና ቀረ። አንተም መንገድ ተዘግቶብሃል፤ ይገባኛል፣ ያ ጥፋትህ አይደለም። ግን በዚያ ሁለት ወር ውስጥ በሰው እንኳ ቃል ልከሃል? ሪፖርት ልከሃል፤ እሱን ደብዳቤህ ላይ አየሁ።

ሹመቱን በተመለከተ «አዲስ ክርስቲያን አይሁን» የሚለውን 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥6ን ታውቀዋለህ። የፍጥነት ሰዎች መልስ አላቸው። ለቲቶ ሲጽፍ ይህን አላነሳም፣ ልስጥራንና ኢቆንዮን ላይ በአጭር ጊዜ ሽማግሌ ሾሟል ይላሉ። ቀላል መልስ አይደለም። ግን በእነዚያ ከተሞች ካመኑት መካከል ከልጅነታቸው ጀምሮ በምኩራብ ሕግና ነቢያት ሲነበብ የሰሙ ነበሩ። የአንተን ሰው በአምስተኛው ሳምንት ያስቀመጥከው ማን ፊት ነው? መሪጌታ ፊት!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መሪጌታ ማለት ምን እንደሆነ ከተማ ያደገ ሰው አንዳንዴ ይረሳዋል። በልጅነቱ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ ለምኖ የተማረ ሰው ነው። ዳዊቱን በቃሉ ይዟል። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው፤ አንድ ቃል ላይ ሰምና ወርቅ ሲፈልግ ያደረ ሰው ነው የሚመጣብህ። እንዲህ ያለው ሰው ምሥጢረ ሥጋዌን ቢጠይቅህ ተንኮል ብቻ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት የገባው ሁሉ የሚማረው ነገር ስለሆነ ነው። የአንተ ሰው በእጁ ያለው ምንድን ነው? የታጠፈች አንዲት ወረቀት። ስለ እግዚአብሔር ምን ይላል? ስለ ሰው ምን ይላል? ምን ልታዘዝ? ለማን ልንገር? ጥያቄዎቹ መጥፎ አይደሉም፤ እኔም ከልጆቼ ጋር እጠቀምባቸዋለሁ። ግን መልስ የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ ሳይኖር ጥያቄ ብቻ ይዞ መቅረት ከባድ ነው። ሰውዬው ስልክ አውጥቶ ወደ አንተ ሳይደውል አልቀረም። ኔትወርክ ነበር?

ሌላም ነገር አለ፤ አስተባባሪህ ቢሰማው ደስ አይለውም። ደብዳቤህ ላይ አካባቢውን «ወንጌል ያልደረሰበት» ብለኸዋል። ዘጌ ሄደህ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ ታውቃለህ? መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልደቱ፣ ጥምቀቱ፣ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ለትውልዶች ወንጌልን በዓይኑ ሲያነብ ኖሯል። እኔ ወንጌላዊ ነኝ፤ ከእነሱ ጋር የምለያይበትን ነገር አልደብቅም። ግን «ያልደረሰበት» የሚለውን ቃል የጻፈው ጣናን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። አንተ በጀልባ የምታቋርጠው ነህ። ቢያንስ አንተ አትድገመው።

ከጀልባው ላይ ወደ ሰሜን ብትቀጥል ጎርጎራ ትደርሳለህ። እዚያ የተሠራው ታሪክ ለእኛ ሥራ መማሪያ ነው፤ ማንም ሲያነሳው ግን አልሰማም። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። አማርኛና ግእዝ ተማረ። ከሊቃውንት ጋር ተከራከረ፣ ንጉሡን ወዳጅ አደረገ፣ ሳይቸኩል ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ። ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በግልጽ ያወጁት በ1622 ነው፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት አረፈ። ከእሱ በኋላ አፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ሆኖ መጣ። ሜንዴዝ ቸኩሏል። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ በዓላቱ ይቀየሩ አለ። በወረቀት ላይ አገሩ በአንድ ጀምበር ተለወጠ። መሬት ላይ ደም ፈሰሰ። በዚሁ ሐይቅ ደሴቶች ላይ እንደ ወለተ ጴጥሮስ ያሉ መነኮሳት እምቢ አሉ። በ1632 ሱስንዮስ ራሳቸው አዋጁን አነሱ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለቀቁ። «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፣ አገሩም ለረጅም ጊዜ በሩን በፈረንጅ ላይ ዘጋ።

ንጽጽሩ ልክ እንደማይገጥም አውቃለሁ። ሜንዴዝ የንጉሥ ሰይፍ ነበረው፤ አንተ የባጃጅ ሒሳብ እንኳ ይቸግርሃል። ፓኤዝም ቢሆን ከላይ ከቤተ መንግሥት ነው የጀመረው። ልነግርህ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ሪፖርቱ ወደ ሮም ሲሄድ የሜንዴዝ ጊዜ ከፓኤዝ ጊዜ ሳያምር አልቀረም።

አሁን የራሴን ልናገር። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እኔም ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥልጠና ላይ ተቀምጫለሁ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ክብ እንሥል ነበር። አንድ ክብ አንድ ቤት ነው። ከክቡ መስመር ይወጣና ሌላ ክብ ይወልዳል። እያንዳንዱ ክብ ውስጥ የሰው ብዛትና የመሪው ስም ይጻፋል። ያምራል። ከሩቅ ስታየው የወይን ዘለላ ይመስላል። የእኔ ዘለላ አራተኛ ትውልድ ላይ ደርሶ ነበር። አጨበጨቡልኝ። አራተኛው ክብ ውስጥ የጻፍኩት የመሪ ስም የማን እንደነበር ታውቃለህ? የሦስተኛው ክብ መሪ ልጅ ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። ለታናሽ እህቱ መዝሙር ያስተምራል። ያ «ኅብረት» ተባለ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ማታ የሆቴሉን የተጠበሰ ዓሣ በላሁና ተኛሁ።

ክብ ውሸታም ነው አልልህም። ክብ መጠየቅ አይችልም እንጂ። አራት ሰው ሁለቴ ተሰብስቦ ቢበተንም ክቡ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የዋትሰን የቦጅፑሪ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያከራክረውም በዚህ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተባለ። እዚያው ሕንድ ያሉ አገልጋዮች ግን እነዚያ ሁሉ አጥቢያዎች የታሉ? ብለው ይጠይቃሉ። አስተባባሪህን ክፉ ሰው አታድርገው። ከበላዩ ያለው እሱንም ኮታ ይጠይቀዋል። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ገንዘብ የሚሰጡትን እማማ ያስባል። እማማም ባሕር ማዶ ሆነው ቁጥሩን ሲያነቡ ከልባቸው እልል ይላሉ። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ ያሳምረዋል። ማንም ሳይዋሽ ውሸት ይሆናል።

እሺ፣ ቁጥሩ ይቅር። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው።

አንተ ማታ ባሕር ዳር ትመለሳለህ። እሱ እዚያው ነው። ጎረቤቱ ወንፈል አልገባለት ቢል ሩዙን ብቻውን ነው የሚያርመው። ሚስቱ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ ዝም ይሏታል። እድሩ ስሙን ይሰርዘዋል ወይም ሳይሰርዘው ይረሳዋል። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ የክርስትና አባቱ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ክር የተሰፋ ነው። የገጠሩ ሰው ሲመርቅህ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይልሃል። ቀልድ አይደለም። ከተማ ውስጥ መላ አይጠፋም። እዚያ ግን መቃብር ማለት የደብሩ ግቢ ነው፣ ሌላ የለም።

እና አንድ ከባድ ጥያቄ ልጠይቅህ። መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፣ ለራስህ መልስ። ልጅቷ ክርስትና አልተነሳችም ብለሃል። እዚያ አገር ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትነሳለች። አባትዬው ያላስነሳት በአጋጣሚ ነው? ወይስ ከትምህርቶቹ በአንዱ ላይ አንተ የተናገርከው ነገር አለ? «ምን ልታዘዝ?» ስትለው በልጁ ታዝዞልህ ይሆን? ሕፃን መጠመቅ አለበት የለበትም የሚለውን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን ተወው። አቋምህን አውቃለሁ፣ የእኔም ያው ነው። የምጠይቅህ ከመታዘዙ በፊት ዋጋውን ነግረኸው እንደሆነ ነው። «ልጅህ ብትሞት የት እንደምትቀብራት አስበሃል? እኔስ ያን ቀን የት እሆናለሁ?» ብለኸዋል? ስድስት ሳምንት ለዚህ ውይይት ይበቃል?

እኔ እንደሚመስለኝ ማሳው ዳር ነው የቀበራት። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ዋንዛ ሥር፣ ከላዩ እሾህ ተከምሮበት፣ ጅብ እንዳያወጣው። አባትየው በየቀኑ ጠዋት እሾሁን እያየ ያርስ ነበር።

የፍጥነቱ ሒሳብ የሚከፈለው እንግዲህ እዚህ ነው። ለእኛ በሩብ ዓመት ያልቃል። ከሁሉ አዲሱ፣ ከሁሉ ያልተማረው፣ ከሁሉ ብቸኛው ሰው ግን ዓመታት ይከፍለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ አፈሰስን፣ የሚለቅመው እሱ ነው።

በደርግ ጊዜ እኔ የተማርኩበት ቤትም ትንሽ ነበር። ሕንፃ የለም፣ ደመወዝ የለም፣ መዝሙር በሹክሹክታ ነው። የዛሬ አሠልጣኞች ቢያዩት «ይኸው የእኛ ዘዴ» ይሉ ነበር። ግን የሚያስተምረን ሰውዬ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት በእግሩ ይመጣ ነበር። ሦስት ዓመት። አንድ ዝናባማ ሐሙስ ቀረ፤ ኋላ ስንሰማ ታስሮ ነበር። ሲፈታ የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ መጣና ካቆምንበት ቁጥር ቀጠለ። ያቆምንበትን እኛ ረስተነው እሱ ያስታውሰዋል። እኔን ያቆመኝ ያ ነው።

እንግዲህ ምን ታድርግ?

ከ11ዱ ቤቶች ሁሉ በፊት፣ በሚመጣው ቅዳሜ ወደ እሱ ሂድ። ብቻህን አትሂድ። ከአጥቢያህ ሽምግልና ያለው፣ ቢቻል እዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ይዘህ ሂድ። ወረቀትህን ባሕር ዳር ተወው። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንዳትጀምር። ትምህርት ቁጥር ሰባት ላይ ነበርን ብትለው እኔን አያርገኝ።

ከዚያ ቀስ ብለህ መሪነቱን አውርድለት። «ሻርኩህ» እንዳይመስለው። «ያለጊዜህ ያሸከምኩህ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ፣ አሁን አብረን እንማር» በለው። ማርቆስን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራችሁ፣ ሳትዘሉ፣ ዓመትም ይፍጅ። መሪጌታው የጠየቀውን ጥያቄ እንዲነግርህ ጠይቀው። የማታውቀው ከሆነ «አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» በል፣ ጠይቀህም ና። ይህን አንድ ጊዜ ካየ እሱም ነገ ሰው ፊት «አላውቅም» ለማለት አያፍርም። ልቀጥል አልቀጥል የሚለውንም ያንተን ፊት ሳያይ ይወስን። ወደ ቀድሞው ቢመለስ ጠላት አይደለም፤ ያኔም ቤቱ ሂድ።

ሽማግሌው ከእድሩ ዳኛና ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ቢነጋገር መልካም ነው። አንተ ዝም ብለህ አጠገቡ ቁጭ በል። ለክርክር አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ቤት ነገ ሰው ቢሞትበት እንዴት እንሁን? የገጠር ሽማግሌዎች በሃይማኖት ቢጨክኑም በሬሳ ብዙ ጊዜ አይጨክኑም። መላ አያጡም።

ሪፖርቱን በተመለከተ ቀሪዎቹን ቤቶች በእግርህ ዞረህ እያቸውና የቆጠርከውን ጻፍ። አራት ከሆነ አራት። ሦስት ከሆነ ሦስት። «ባለፈው 11 ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምርበት። በቃል አትናገር፣ በጽሑፍ ስጥ። ደመወዝህ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። የባሕር ዳርን የቤት ኪራይም አውቃለሁ፤ ጀግና ሁን ብሎ መምከር ለእኔ ቀላል ነው። ስለዚህ ከመጻፍህ በፊት ከአጥቢያህ ሽማግሌዎች ሁለቱን አማክር፤ ቢያባርሩህ ብቻህን እንዳትቀር።

ልተወው ወይ ላልከው አሁን አትወስን። እውነተኛውን ቁጥር ስጣቸውና ምን እንደሚሉህ ጠብቅ። «ጎሽ፣ እንግዲያው አራቱን በደንብ እናሳድግ» ካሉህ ቆይ፤ ከእነሱ ጋር ብዙ መሥራት ትችላለህ። «11 ነው ብለን ልከናል፣ አትቀይረው» ካሉህ መልሱን አግኝተሃል። እምነቴ አንሶ ነው ወይ ላልከው ደግሞ፣ አራቱን አራት ለማለት ከ11 የበለጠ እምነት ይጠይቃል። እኔ አልቻልኩም ነበር። የሰባት ዓመቱ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ቡናና ስኳር ይዘህ ሂድ። ልቅሶ አልደረስክም፤ ወሩ ቢያልፍም ልቅሶ ድረስ። መሬት ላይ ቁጭ በል፣ እናትዬዋ እስክትናገር አትናገር። ሊያሳዩህ ከፈቀዱ ማሳው ዳር አብረሃቸው ሂድ። ስሟንም ጠይቅና ጻፍልኝ።